የወይራ ጭስ በአራተኛ ፎቅ

የዚህ ወር ወሬያችን ስለ አይብ ነው። «እንግዳ ሲመጣ ከፈንዲሻና ከቆሎ ሌላ ጠረጴዛው ላይ ምን ላስቀምጥ?» ለምትሉ ሁሉ፣ በዳቦ ወይም በቆጮ እየተጠቀሰ የሚበላ፣ ወይራ ወይራ የሚል አይብ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አሠራሩን ብቻ የምትፈልጉ ወደ ታች ዝለቁ፤ አልቀየምም። እኔ ግን ይህን አይብ ያለ እናቴና ያለ አንድ አሮጌ ገንቦ ላወራላችሁ አልችልም።

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነው። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የኖርነው ሰባት ቤተሰቦች በየአቅጣጫው ተበተንን፤ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ አቃቂ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ። እኛ ልጆቹ የግቢያችንን ፎቶዎች የምንለዋወጥበት ግሩፕ ነበረን። ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ ከመካከላችን አንዱ «ፎቶ እያየን ከምንቆዝም ለምን አንድ እሑድ አንገናኝም?» ብሎ ጻፈ። ግቢ ያለው ቤተሰብ ቦታውን ቻለ፤ ቀኑም ግንቦት ውስጥ ሆነ። በበዓለ ኀምሳ ጾም ስለሌለ የሚበላው ነገር ላይ ችግር አይኖርም ብለን ነበር።

ችግሩማ ነበር። ማን ምን ያምጣ የሚለው ጭቅጭቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ክትፎ ያለ ነበር፣ ዶሮ ያለ ነበር። እኔ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ዕቃ ከመቅረቡ በፊት «ደንበኛው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነው። ስቆጥር የሚመጣው ሰው ወደ አርባ ይጠጋል፤ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም። ሥጋ ከተባለ ሁለት ዓይነት ዕርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጠረጴዛ ነው። የድሮ ግቢያችንን አሰብኩት። በፋሲካም በአረፋም ሥጋው በየቤቱ ይበላ ነበር፤ ከቤት ቤት የሚሻገረው ግን ድፎ ዳቦው፣ ቡናውና አይቡ ነበር። አይብ ላይ «የእናንተ፣ የእኛ» የለም። ስለዚህ «አይብ የእኔ ነው» ብዬ ተመዘገብኩ። አንዷ «የእማዬን የታጠነ አይብ?» ብላ ስትጽፍ ግሩፑ በልብ ምልክት ተሞላ። ያኔ ነው መዘዝ ውስጥ የገባሁት። ምክንያቱም እናቴ ከሰፈር ከወጣን ወዲህ አይብ ሠርታ አታውቅም። ስብሰባውንም «እናንተ ልጆቹ ተገናኙ፤ እኔ የፈረሰ ግቢ ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ ዘግታዋለች።

እዚህ ላይ ለማታውቁት ሰፈሬን ላስተዋውቃችሁ። ዶሮ ማነቂያ ማለት ከፒያሳ ወርቅ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ጀርባ፣ የጭቃ ቤት ከጭቃ ቤት ተደግፎ የቆመበት ሰፈር ነበር። ማታ ማታ የሚጠጣና የሚዘፈንበት ስለነበረ ስሙ ሲነሳ ፈገግ የሚል ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን ቀን ቀን ትምህርት ቤት የምንሄድ፣ ማታ ማታ በጊዜ የሚዘጋብን ልጆች ነበርን። አብዛኛው ቤት የቀበሌ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የመንግሥት ከሆኑ ጀምሮ ማለት ነው። ማድቤቱ የጋራ፣ የውኃ ቧንቧው የጋራ፣ ልብስ ማስጫው የጋራ። በጋራ ማድቤት ለሚጣላ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም፤ ነገር ግን አንዷ ገንቦ ስታጥን ሁሉም የየራሷን ዕቃ ይዛ ትወጣለች። ወይራው አንዴ ከተያያዘ ለአንድ ገንቦም ለአምስትም ያው ነው።

እናቴ ከዚያ ግቢ ከወሰደቻቸው ነገሮች ሁሉ አጥብቃ የያዘችው የወተት ገንቦዋን ነበር። የጭነት መኪናው ላይ በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣው መጣች። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ስትገባ ግን ማድቤቱ ሦስት እርምጃ፣ በረንዳው ሁለት እርምጃ ሆነባት። «እዚህ ማን ያጥናል? ሰው እሳት ተነሣ ይላል» አለች። ገንቦው በረንዳ ጥግ ተቀመጠና የልብስ መቆንጠጫ ማኖሪያ ሆነ። ልብስ ሳሰጣ እጄን እየከተትኩ መቆንጠጫ ሳወጣ አንድ ዓመት አለፈ።

እሷን ላለማስቸገር ብዬ ለብቻዬ ልሠራው ወሰንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ ሄጄ ግማሽ ኪሎ አይብ ገዛሁ። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ሕንዶች ድሁንጋር የሚሉትን ዘዴ አየሁ። ቀላል ነው፦ የቀላ ከሰል በትንሽ ሳህን አድርጋችሁ ምግቡ መሃል ታስቀምጣላችሁ፣ ላዩ ላይ ቅቤ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ጭሱ ሲነሣ ትከድናላችሁ። ለወጥና ለምስር በጣም ያምራል አሉ። ችግሩ እነሱ ለአምስት ደቂቃ ያህል የሚያደርጉትን እኔ «ይብላላ» ብዬ ሃያ ደቂቃ ከድኜ ተውኩት። ባለቤቴ ቀመሰ። ጥሩ ባል ስለሆነ መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «ደስ ይላል፤ ግን ቤታችን ተቃጥሎ ነበር እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ እናቴ ጋ ይዤው ሄድኩ። በዳቦ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ሳህኑን መለሰችልኝ። «አመድ ነው ያበላሽኝ» አለች። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጋ፦ «ልጄ፣ አይብ እኮ አይታጠንም። የሚታጠነው ዕቃው ነው።»

ሠላሳ ዓመት በላይ የበላሁት ነገር ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፖላንዶች ኦስቲፔክ የሚባል የበግ አይብ አላቸው፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ የተደረገለት ነው። ጣሊያኖችም ስካሞርዛን ያጥናሉ። እነዚህ ግን ጠጠር ያሉ አይቦች ናቸው፤ ጭስ ላይ ሊቆዩ ይችላሉ። የእኛ አይብ ከመቶው ሰማንያ እጅ ገደማ ውኃ ነው፣ ልስልስ ነው፤ ጭሱ ላዩ ላይ ይከማችና ይመራል። ስለዚህ እናቶቻችን ጭሱን አስቀድመው ለሸክላው ይሰጡታል። ሸክላ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ የጠጣውን ጭስ ወተቱ እየረጋ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይበት ቀስ አድርጎ ይሰጠዋል። ጭሱ ለጣዕም ብቻም አይደለም። በውስጡ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የባክቴሪያን እድገት ያዘገያሉ፤ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም። ቦረናዎች የወተት ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ ያጥናሉ፤ ኬንያ ውስጥ ካለንጂኖች ሙርሲክ የሚሉትን እርጎ የሚያረጉበትን ቅል ውስጡን በከሰል ያሻሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሁሉ ሰው ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሷል።

«እሺ፣ ዕቃውን እንዴት ነው የሚያጥኑት?» አልኳት።

«ነግሬሽ አይገባሽም» አለችና ተነሥታ በረንዳ ወጣች። መቆንጠጫዎቹን በፌስታል ገለበጠቻቸው።

የስብሰባው ቀን አራት ቀን ቀርቶታል። ረቡዕ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ጌሾና ግራዋ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ የደረቀ ወይራ ገዛሁ። ወይራ ካጣችሁ ጥንጁትም ይሆናል፤ ጠላ የሚጠምቁ ሰዎች ሁለቱንም ያውቋቸዋል። ሽታቸው ግን ለየቅል ነው፤ ለወተት እኔ ወይራን እመርጣለሁ። እናቴ ገንቦውን በግራዋ ቅጠልና በሙቅ ውኃ ፈትጋ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው። እርጥብ ዕቃ ጭስ አይጠጣም፣ ያለቅሳል እንጂ፣ ትላለች። ሲደርቅ በትንሽ የሸክላ ምድጃ ፍም አደረገች፤ ከላዩ ስንጥር ስንጥር ወይራ። ነበልባል ሲነሣ ትጠብቃለች፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ነጭ ወፍራም ጭስ ሲወጣ ገንቦውን አፉን ደፍታ አስቀመጠችበት። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል። የገንቦው ሆድ በእጅ ሲነካ ሲሞቅ በቃው።

አንድ ነገር አደራ። ይህን የምታደርጉት በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ነው፤ በፍጹም በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ፍሙንም እስኪጠፋ ድረስ ወደ ውስጥ አታስገቡት።

ጭሱ በረንዳችንን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የመጣው የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆርጧል፣ «እሳት ነው?» አለ። ይቅርታ ጠየቅን። እናቴ ፊቷ ጠቆረ፤ «አላልኩሽም?» የሚል ዓይን ጣለችብኝ፤ ምድጃውን ልታነሣ ጎንበስ አለች። በዚህ መሃል በሩ እንደገና ተንኳኳ። አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገት ነቅነቅ ከማድረግ በቀር አንድ ዓመት ሙሉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አሁንም ሊቆጡን ነው ብዬ ቃሌን ሳዘጋጅ፣ «ወይራ ነው አይደል?» አሉ። «ነው እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጭሱ…» ስል አቋረጡኝ። «ፍሙን እንዳታጠፉት» ብለው ተመለሱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ትንሽ ቅል ይዘው መጡ፤ ከገጠር ከመጣ ጀምሮ ታጥኖ አያውቅም። እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው። እኔ ቡና አፈላሁ። ልጄ «እማዬ፣ ቤቱ ለምን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሸተተ?» እያለ በመሃላቸው ይዞር ነበር።

በሉ ወደ አሠራሩ እንሂድ። 5 ሊትር ያልተቀነባበረ ወተት ያስፈልጋችኋል፤ በፋብሪካ ቅባቱ ተመትቶ የታሸገው አይናጥም። እዚህ ላይ እኔና እናቴ ተጣላን። እኔ ወተቱ መጀመሪያ ይፍላ አልኩ። እሷ «የፈላ ወተት ምን ይረጋል?» አለች። እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ያሉ በሽታዎች ባልፈላ ወተት ይተላለፋሉ፤ ጭሱ ባክቴሪያን ያዘገያል እንጂ ወተቱን አያፈላውም፤ አርባ ሰው፣ ከነሕፃናቱ፣ ነው የምናበላው። በመጨረሻ አፈላነው። ሲቀዘቅዝ፣ ጣት ሲገባበት ለብ ሲል፣ ሁለት ጭልፋ ጥሩ እርጎ እንደ እርሾ ጨምረን ገና ሞቅ ወዳለው ገንቦ ገለበጥነው። የፈላ ወተት ቅቤው ትንሽ ያንሳል፤ ያን እቀበላለሁ።

ሁለት ቀን ረጋ። አዲስ አበባ ብርድ ከሆነ ሦስት ቀን ስጡት። ዓርብ ማታ እናቴ አፉን በንጹሕ ጨርቅና በላስቲክ አስራ ጭኗ ላይ ትናጠው ጀመር። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ገንቦ ከሌለው ትልቅ ክዳን ያለው ማሰሮም ይሠራል፤ ግማሹ ብቻ ይሞላ፤ ቦታ ካጣ አይናጥም። አንድ ሰዓት ገደማ ስትንጥ ድምፁ ተለወጠ፤ ቅቤው ተሰበሰበ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምራ አወጣችው። ከአንድ ቡጢ ያነሰ ነው። ወደ ጎን አስቀመጥነው፤ ይፈለጋል።

የቀረው አሬራ ነው። ይህን በሰፊ ድስት በጣም በዝግታ እሳት ላይ ታደርጉታላችሁ። አብዛኛው ሰው አይብ የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ ይቸኩላል። መፍላት የለበትም። በቴርሞሜትር ለምትሠሩ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው። እናቴ ግን ጣቷን ከትታ እስከ አምስት መቁጠር ሲያቅታት «በቃው» ትላለች፤ ቴርሞሜትሬ ሲታይ እኩል ነበሩ። ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነጩ ከላይ ይሰበሰባል፣ ቢጫ አረንጓዴ የሚለው አጓት ከሥር ይቀራል። አታማስሉት። እሳቱ ከበዛበት አይቡ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ እሱን ምንም ቅቤ አያድነውም። እሳቱን አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ በንጹሕ ሻሽ አጥልሉት። እኛ ወደ 700 ግራም አገኘን። አጓቱን አትድፉት፤ እኔ ዳቦ አቦካሁበት።

ወደ ማጥቀሻነት የሚለወጠው እዚህ ነው። ከአይቡ 500 ግራሙን በሹካ ፍርፍር አድርጉት። በአራት ማንኪያ እርጎ አለስልሱት፤ እርጎውም ከታጠነው ገንቦ የተቀነሰ ቢሆን የተሻለ ነው። ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለብ አድርጋችሁ ጨምሩበት። ቅቤውን በኮሰረትና በኮረሪማ ካነጠራችሁት ሌላ ቅመም ብዙም አይፈልግም፤ አንድ ፍልጥ ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ፣ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ። ሚጥሚጣውን አታብዙት፤ ካበዛችሁት ወይራው ይጠፋል፤ ልፋታችሁ ሁሉ ለወይራው ነው። ፍሬው የወጣለት ቃሪያ በደቃቁ ከትፋችሁ ከላይ በትኑ። እኔ ሳህኑ መሃል ጎድጎድ አድርጌ አንድ ማንኪያ አዋዜ አስቀምጣለሁ፤ የሚፈልግ ይነካል፣ ልጆች ከዳር ይበላሉ። ከድፎ ዳቦ፣ ከቆጮ፣ ወይም ምድጃ ላይ ከደረቀ እንጀራ ጋር ይቀርባል። ካሮት በቀጭኑ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡም ልጆች ይወዱታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ሽታው ይተኛል።

ለምትቸኩሉ፣ ገንቦም ትዕግሥትም ለሌላችሁ፦ ከታወቀ ሰው አይብ ግዙ፤ ትንሽ የሸክላ ድስት ወይም የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን አጥኑ፤ እርጎና ቅቤ ጨምራችሁ ያዋሃዳችሁትን አይብ በታጠነው ዕቃ ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። የዚያን ግማሽ ያህል ይሸታል። የእኔ አመድ ከሆነው ግን ይሻላል።

ለአርባ ሰው 500 ግራም እንደማይበቃ ገምታችኋል። የአምስተኛ ፎቋ እማማ ቅላቸውን ሞልተው ሰጡን፤ እኔም ከሾላ የተገዛ አይብ ታጥኖ በነበረ ድስት አሳድሬ ጨመርኩበት። እሑድ ጠዋት ልወጣ ስል እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። «ገንቦውን አንቺ ትሰብሪዋለሽ» አለች። ስለ ስብሰባው ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ግቢው ስንደርስ ብዙዎቹ ተቀምጠው ነበር። እናቴ መጀመሪያ ማንንም ሳትስም ጠረጴዛ ፈለገች፤ ገንቦውንና ሳህኖቹን አስቀመጠች፤ ክዳኑን አነሣች። የድሮ ጎረቤታችን፣ ዓይናቸው የደከመ ሃጂያ፣ ልጃቸው ደግፋ አምጥታ አስቀምጣቸው ነበር። እኛ መድረሳችንን አላዩም። ድንገት አንገታቸውን ቀና አደረጉና «ማነው የሚያጥነው?» አሉ። እናቴ ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። ረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ሲቆዩ እኔ ሳህን በማዘጋጀት ራሴን አስቸገርኩ። ከዚያ እናቴ ዳቦ ቆርሳ በአይብ ነክራ አጎረሰቻቸው። «ጨው ጎደለው» አሉ ሃጂያ። እናቴ በሳቅ ሞተች፤ ድሮም እንዲህ ይሏት ነበር።

አይቡ ከቡናው በፊት አለቀ። ከቀረቡት ምግቦች ሁሉ ሁሉም ሰው ከአንድ ሳህን የበላው እሱን ብቻ ነበር። አሠራሩን ጻፊልን ያሉኝ ብዙ ናቸውና ይኸው ጻፍኩት።

ገንቦው አሁን ቤታችን የለም። እዚያው ተራ ወጣለትና መጀመሪያ ወደ አቃቂ ሄደ፤ ከዚያ አራብሳ፣ ከዚያ ኮዬ ፈጬ ነው፤ በየወሩ የሚወስደው ሰው አጥኖ፣ አይብ ሠርቶ፣ ባዶውን ሳይሆን ሞልቶ ለሚቀጥለው ያደርሳል። እናቴ በስልክ ትከታተለዋለች፤ «በግራዋ አጠባችሁት? በላርጎ እንዳትነኩት!» ስትል እሰማታለሁ። የልብስ መቆንጠጫዎቹ እስከዛሬ ፌስታል ውስጥ ናቸው።